የአቡጀዲው ምልክት

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከጦርነት የሸሸው የራያ ቆቦ ሕዝብ ወልድያን አጥለቀለቃት፤ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ እናት ከነልጇ፣ ሽማግሌ ከነምርኩዙ በእርጥብ መሬት ላይ ሰፈረ። ያን ጊዜ የከተማው ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ድስቱን ተሸክሞ ወጣ እንጂ። ወሎ አይደል!

ጨርቅ ነጋዴዋ ኣዳነች ግን በሯን ዘግታ ሰነበተች፤ ትውልዷ ከትግራይ ነውና «እኔን ማን ያምነኛል?» ብላ ፈራች። ልቧ ግን ከተራቡት ዘንድ ነበር። የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ ሼህ ኡበይደላ በሯን አንኳኩተው ለደረት ምልክት የሚሆን ነጭ አቡጀዲ በለመኗት ጊዜ፣ ጨርቁን መስጠት ብቻ አልበቃትም፤ በስፌት መኪናዋ ተቀምጣ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ ክር እየዘመዘመች ሁሉንም ሰፋች።

ሼሁ ተረክበው ሲያበቁ አንዱን መለሱላት።

«ይኼ ያንቺ ነው።»

«አንቱስ ያምኑኛል፤ ሌላው ሰውሳ?»

«አብሽሪ! እኔ የት ሄጄ?»

በማግስቱ ምልክቷን ደረቷ ላይ አድርጋ የሽሮውን ጭልፋ ያዘች። ብዙም ሳትቆይ ማንነቷን የሚያውቅ ፈንታው የተባለ በጎ ፈቃደኛ በሰው ፊት አፈጠጠባት።

«ይኼን ማን ሰጠሽ? አሁኑኑ አውልቂ! እነዚህ ሰዎች ከማን እንደሸሹ አታውቂም?»

ምግብ ለመቀበል የተሰለፉት ተፈናቃዮች ባሉበት ቆሙ። ኣዳነች መርፌ ቁልፉን ልትፈታ ስትል ሼህ ኡበይደላ ደረሱ።

«ፈንታው፣ እንግዲያው አንተ አስቀድመህ አውልቃ!»

«እኔ? ለምን?»

«ጧት ‹ስፌቱ እንዴት ያምራል› ስትል አልነበር? የሰፋችው እሷ ናት። ጨርቁም የእሷ ነው፤ ያንተ ደረት ላይ ያለውም፣ የእኔም። ወላሂ፣ እሷ ካወለቀች እዚህ ግቢ ምልክት ያለው ሰው አይኖርም!»

ፈንታው ደረቱን አየ፤ አፈረና ገለል አለ። ያም ሆኖ ሰልፉ ንቅንቅ አላለም፤ የተፈናቃዮቹ ፍርድ ገና ነበርና። ከፊት የቆመችው ፋንቱ፣ ቤቷን ጥላ ልጇን አዝላ የመጣች የቆቦ ሴት፣ ኣዳነችን ትክ ብላ ካየቻት በኋላ ሳህኗን ዘረጋች።

«ጨምሪልኝ እቴ፤ ልጄም ይበላል። እጅሽ ይባረክ።»

ኣዳነች እያለቀሰች ጨለፈችላት፤ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ።

ስለዚያ ክረምት ብዙ ተጽፏል፤ የትኛው ከተማ መቼ እንደተያዘ፣ መቼ እንደተለቀቀ ተመዝግቧል። ማን ለማን ሳህኑን እንደዘረጋ ግን የጻፈ የለም። ኣዳነች እስከ ዛሬ የፋንቱን ስም ሳትጠራ ጸሎቷን አትጨርስም፤ ለሚጠይቋትም «ተርባ የመጣችው እሷ ነበረች፤ የጠገብኩት ግን እኔ ነኝ» ትላቸዋለች።