የሞሲሳ ዝውውርና የጠፋው ቅርጫት

ቅርጫቱ የለም።

ሰሌዳው አለ፣ ምሰሶው አለ። ኳስ የሚገባበት ብረት ግን ከነመረቡ ተነቅሎ ሄዷል። አሠልጣኝ ሸዋገነት በማለዳ ሜዳው መሐል ቆማ አንጋጣ ቀረች። በወዲያኛው ጫፍ የነበረው ከወደቀ ቆይቷል። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ የቀረው ይኸው አንዱ ነበር።

"ወይኔ ጉዴ!" አለች። "ዛሬን ጠብቆ?"

ዛሬ የአዲስ አበባው ክለብ ሰዎች የቡድኑን ኮከብ ሞሲሳን ሊያዩ ይመጣሉ። ከጊንጪ እስከ እጃጂ የሚወራው ስለ እሱ ብቻ ሆኗል። ባጃጅ ውስጥ ሞሲሳ፣ ቁርስ ቤት ሞሲሳ። አንዱ "በሁለት ተጫዋች ይለወጣል" ይላል። ሌላው "በሦስት ካልሆነ ማን ሊሰጥ!" ብሎ ይገነፍላል። ቴሌግራም ላይ ያለውማ ምን ቸግሮት፣ ግብፅ ድረስ ይሸኘዋል።

እውነቱ እንዲህ ነው፤ ክለቡ ሞሲሳን ወስዶ በምትኩ ሦስት ተጫዋቾች ሊሰጥ ተስማምቷል፣ ልጁ ሲዘል በዓይኑ ካየ። የሸዋገነት ቡድን ደግሞ ሰው አልቆበታል። ሦስቱ ካልመጡ ከሊጉ ይሰረዛል፣ ይበተናል። እሷ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

የደወለችለት ፖሊስ፣ ሳጅን ቶሌራ፣ እያለከለከ ደረሰ።

"ብረታ ብረት የሚሰበስበው ቆራሌው ነው" አለ፣ ገና ሰሌዳውን ሳያይ።

"ቆራሌው ብሎኑን ይተዋል?"

ምሰሶው ሥር ብሎኖቹ አንድ ሳይጎድል በላስቲክ ተቋጥረው ተቀምጠዋል። ቶሌራ ጭንቅላቱን አከከ። ሊመልስ ያሰበ ሰው እንጂ ሌባ እንዲህ አያደርግም።

"እንግዲያው ነገራ ነው።"

ነገራ ባለባጃጁ ነው። ከባጃጁ ኋላ "ሞሲሳ የትም አይሄድም" የሚል ወረቀት ለጥፎ ከተማውን የሚያስቀው። ተጠርቶ መጣ።

"የት አደርክ?"

"ቤቴ ነዋ።"

"ማን ያውቃል?"

"ሚስቴ። ስትጨቀጭቀኝ ነው ያደረችው።"

"ሞሲሳ አይሄድም ብለሃል።"

"ብያለሁ! አሁንም እላለሁ!"

"ስለዚህ ቅርጫቱን ነቀልክ።"

"ሳጅን፣ ያምሃል እንዴ? ቅርጫቱን ነቅዬ ልጁን ባስቀረው፣ ምን ላይ ሊጫወትልኝ ነው?"



ሸዋገነት ወደ ምሰሶው ተመለሰች። ምሰሶው ላይ የተነካካ ቅባት ተከትሎ ጉንዳን ተሰልፎ ወደ ላይ ይወጣል።

"ግሪስ ነው" አለ ቶሌራ።

"ጉንዳን ግሪስ ይበላል?"

በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ቅቤ ነው። ከታች እስከ ሰሌዳው ድረስ፣ ግን በአንድ ወገን ብቻ። ምሰሶውን በሁለት ጉልበቱ ቆልፎ የወጣ ሰው ነው፤ አንደኛው ጉልበቱ ቅቤ ተቀብቷል። ጉልበት በቅቤ የሚያሽ ደግሞ ወጌሻ ነው። ሞሲሳ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ቱታውን አላወልቅም ብሎ መክረሙ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

"ቶሌራ፣ እንግዶቹ ከመጡ አቆይልኝ" አለችና ነገራን ይዛ ወደ ወጌሻው ወደ ኦቦ ደቻሳ ቤት በረረች።

ሞሲሳ መደብ ላይ ተጋድሟል። ሽማግሌው ያበጠ ግራ ጉልበቱን ያሹታል። ብረቱ ከነመረቡ መደቡ ሥር ነው።

ልጁ አልካደም። ቀና ብሎ ተቀመጠ።

"አንድ ሳምንት ፈልጌ ነው ኮች። ቅርጫት ከሌለ ሙከራው ይራዘማል ብዬ። ኦቦ ደቻሳ በሳምንት ትድናለህ ብለውኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ከተማው ሸኝቶ ጨርሶኛል። እናቴን ገበያ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ ነው የሚሏት። ቡድኑ በአንተ ነው የሚተርፈው ያሉኝስ እርስዎ አይደሉ?"

"ከዚህ እንዳትነቃነቅ" አለችው።

ኦቦ ደቻሳ እጃቸውን እየጠረጉ እስከ በር ተከተሏት።

"ሳምንት ያልኩት ሲያለቅስ አንጀቴን በልቶኝ ነው። ውስጡ ተበጥሷል። ለእኔ እጅ የሚሆን አይደለም፣ ሆስፒታል ውሰጂው። አንዴ ከዘለለበት አለቀለት።"

"ያ ዋቃዮ! አምላኬ!" አለች ሸዋገነት።

እንዲህም ሆኖ ብረቱን እዚያው ትታ ወጣች። ሳምንት ባገኝስ? ሦስቱን ልጆች ከተቀበልኩ በኋላ ቢታወቅስ? ባጃጁ ውስጥ ይህን እያሰበች በራሷ አፈረች። ማሰቧን ግን አልተወችም።

ስትደርስ የአዲስ አበባው መኪና ቆሟል። የክለቡ አሠልጣኝ ሥዩም ባዶውን ሰሌዳ እያየ ነው።

"ተሰርቆብን ነው" አለች። "በሳምንት ብትመለሱልን..."

ሥዩም ሳቀ። "እኛ ቅርጫት ልንወስድ አልመጣንም። ዘሎ የሰሌዳውን አናት ይንካልን። ከነካ እዚሁ እንፈርማለን።"

ያኔ አጥሩ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ በፉጨት ቀለጠ። ሞሲሳ የእንግዶቹን መድረስ ሰምቶ በሌላ ባጃጅ መጥቶ ሜዳው ገብቷል። አያነክስም። ከንፈሩን ግን ነክሷል።

ሸዋገነት አየችው። አንድ ዝላይ ብቻ። ቡድኑ ይተርፋል፣ እሷም ትተርፋለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ሥዩም የሰሌዳውን አናት በጣቱ አሳየው፣ ሞሲሳም መንደርደር ጀመረ።

"አትዝለል!"

ሮጣ ፊቱ ተገተረች። አላቆም ሲላት ወደ ሕዝቡ ዞራ ጮኸች። "ሌባው እሱ ነው! ቅርጫቱን የነቀለው እሱ ነው!"

ፉጨቱ ቀጥ አለ። ሞሲሳ ባለበት ደርቆ ቀረ። ተንበርክካ የቱታውን እግር ሰበሰበችው። ያበጠው ጉልበት በቅቤ ያብረቀርቃል።

"ይኸውላችሁ። ይህን ለመደበቅ ነው የነቀለው። እኔም ደብቄያችሁ ነበር።"

ሥዩም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አየ። የሞሲሳን ትከሻ መታ መታ አደረገና ወደ መኪናው ሄደ።

"ክስ ልመሥርት ኮች?" አለ ቶሌራ በቀስታ።

"ማን ላይ?"

ሞሲሳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይንሰቀሰቃል። "ቡድኑስ?" አላት።

"ቡድኑ አለቀ ልጄ" አለችው። እንባዋን አልጠረገችም።

ነገራ ባጃጁን ሜዳው መሐል ድረስ ነድቶ አመጣው። ሞሲሳን ከቶሌራ ጋር ደግፎ አስገባው፣ ሸዋገነትም ከጎኑ ገባች። ነገራ ግን ወዲያው አልነዳም። ዞሮ ከኋላ ሄደ። "ሞሲሳ የትም አይሄድም" የሚለውን ወረቀት ላጠው፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሆስፒታል ነዳ።