ከካርታው ጋር ያልተስማሙ ጉድጓዶች

ምንታምር በአፋር በረሃ መሃል በተተከለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የምትሠራው ያው አንድ ሥራ ነበር፤ የአገሩ ልጅ ጋአስ ከየመንደሩ ጉድጓድ ለክቶ የሚያመጣላትን የውሃ ጥልቀት ኮምፒውተሯ ላይ ወዳለው ካርታ ታስገባለች፣ ኮምፒውተሩም በነጥቦቹ መካከል ያለውን ባዶ እየገመተ ከአሸዋው ሥር የተኛውን ውሃ በሰማያዊ ይቀባላታል። ያልገጠመ ቁጥር ሲመጣ አዲስ አበባ ላሉት አለቃዋ ለዶክተር ይኄይስ መደወል ነው።

«የሐርሲስ መንደር ጉድጓድ ሠላሳ አንድ ሜትር ትላለች፣ ጎረቤቶቿ በሙሉ አሥራ ሁለት።»

«ሰርዢያታ የኔ እመቤት! ለጋሾች እኮ ብጉር ያለበት ካርታ አይወዱም።»

ሰረዘቻት። ሰማያዊው ቀለም ወዲያው ግጥም አለ።

በማግስቱ ጋአስ የሐርሲስን ልኬት ሳያመጣ ቀረ።

«የትኛዋ ሐርሲስ?» አላት።

ስንፍና ነው ብላ ጠረጠረችና ራሷ መኪና አስነስታ ሄደች። ሃያ ሁለት ቤት፣ የፍየል በረትና ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ላይ አመድ እንኳ አልነበረም፤ የተለሰነ የሚመስል ሜዳ፣ ዝናብ በማያውቀው አገር የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ጆሮዋን መሬቱ ላይ ስትለጥፍ ደግሞ ከሥር፣ ከሩቅ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ባልዲ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ የሚወጣ የሚወርድ፣ የሚወጣ የሚወርድ ድምፅ። የጠየቀቻቸው እረኞች ፀሐይ የመታውን ሰው በሚያዩበት ርኅራኄ አዩዋት።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት አንድ ነገር ቢኖር መጠራጠር ነውና ሙከራውን ደገመችው። ሰው የማይኖርበት ቦታ ያለ አንድ አሮጌ ጉድጓድ መርጣ ሰረዘች። እኩለ ቀን ላይ ሄዳ ስታይ አፉ ተዘግቷል፤ አልተደፈነም፣ ተከፍቶ የማያውቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ የመሰረዣውን ቁልፍ አልነካችም።

በሳምንቱ የጉርማሌ ቁጥር መጣ፤ ሃያ ዘጠኝ። ጎረቤቶቿ አሥራ ሦስት።

«ምነው ኢንጂነር፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አለ ጋአስ።

«እህትህ መዲና ጉርማሌ አይደል ያለችው? አራሷ?»

«ታዲያስ! ልጁማ ጡት አይጠግብ፤ እንደ ግመል ግልገል ነው የሚጮኸው።» ሳቀ።

ቁጥሩን እንዳለ ብትልከው ዶክተሩ እንደሚሰርዙት ታውቃለች። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት ጻፈች፤ አሥራ ሦስት። ያን ሌሊት ዓይኗ ሳይከደን ነጋ። ሲነጋ ጋአስ መዲና የላከችላትን አንድ ቅል የግመል ወተት ይዞ ሲመጣ እንባዋ ቀደማት።

እሱ አስቀድሞ ቀምሶ አቀበላትና ወጣ፤ ስልኩ የጮኸው ወተቱን ጠጥታ ሳትጨርስ ነው።

«አንቺ ጎበዝ! ጉርማሌ እንዴት አምሮባታል!» አሉ ዶክተሩ። «አንዲት ያልገጠመች ብቻ ቀርታን ነበር፤ እናንተው ግቢ ያለችው ጉድጓድ። አንቺን ላላስቸግር ብዬ እዚሁ ሰረዝኳት።»

መስመሩ ተቋረጠ። በእጇ የያዘችው ስልክ ግን ቀድሞ ያልነበረ ያህል ቀለላት። ሮጣ ወጣች፤ ዞር ስትል የወጣችበት በር አልነበረም። ፊት ለፊቷ ጋአስ ከአንድ መንገደኛ የግመል ነጋዴ ጋር ቁጢጥ ብሎ ዳጉ እየተለዋወጠ ነው፤ አፋሮች በተገናኙ ቁጥር አንዱ ለሌላው የሚነግረው፣ ሐሰት የማይገባበት ወሬ።

«ጋአስ!» ብላ ጮኸች። አልዞረም። ትከሻውን ያዘችው፤ ነፋስ የነካው ያህል ነጠላውን ሰብሰብ አደረገ።

«ለመሆኑ» አለ ነጋዴው ሜዳውን እየቃኘ፣ «ሰው በሌለበት በዚህ በረሃ ብቻህን ምን ትሠራለህ?»

ጋአስ ከንፈሩ ላይ የቀረውን ወተት በእጁ ጀርባ ጠረገና ትንሽ አሰበ፤ «እኔም አሁን ይህንኑ ራሴን እየጠየቅኩ ነበር» አለ።