በጥቅምት የተተከለች ጽጌረዳ

ፈንታሁን በእናቱ የአበባ መደብ መካከል ሞቶ ተገኘ። ለጣልያን መንገድ የሚመራ ባንዳ ነበርና የደብረ ታቦር ሰው ከንፈሩን እንኳ አልመጠጠለትም። የጣልያኑ ካፒቴን ግን ወዲያው ጎረቤቱን ወርቁን አሰረ፤ የወርቁን ልጅ ጠቁሞ ያሰቀለው ፈንታሁን ነበር። «እስከ እሑድ ሌላ ገዳይ ካላመጣችሁ ወርቁ ይሰቀላል» ተባለ።

የድሮው ዳኛ ጌጡ የወርቁ አበልጅ ነው። እንዴት አስችሎት ይቀመጥ? ሬሳው ሳይገነዝ ደርሶ ገልጦ አየው። የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አስተናግር የሚሉት መርዘኛ ተክል ሥራ መሆኑን አወቀ።

መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ትርንጎን ጠራት።

«ማታ የጠጣውን ጠላ ማን ቀዳለት?»

«እኔ ነኛ! ባሌ አይደል? ከዚያው እንስራ እኔም ጠጥቻለሁ።»

«ይመታሽ ነበር አሉ።»

«ይመታኝ ነበር። ብገድለው ያን ጊዜ አልገድለውም?»

«ወርቁስ መጥቶ ነበር?»

«ከደጅ ቆሞ ተራግሞ ሄደ። ግቢውን አልረገጠም።»

ጌጡ ወደ ጓሮ ዞረ። የሟቹ እናት ወይዘሮ የሺ ከአበቦቻቸው መካከል ተቀምጠዋል። በየዓመቱ ለማኅሌተ ጽጌ ቤተ ክርስቲያኑን በአበባ የሚያስጌጡ እሳቸው ናቸው፤ መደባቸውንም ለማንም እጅ አያስነኩም።

«እሜቴ፣ እዚህ ጥግ አስተናግር አልነበረም? ለነጭ አበባው ሲሉ አይነቅሉትም ነበር።»

«ለቤት አይበጅም ቢሉኝ ነቀልኩት።»

በቦታው አንዲት የጽጌረዳ ቁራጭ ተተክላለች። ሥሯ ያለው አፈር እርጥብ ነው። ጌጡ ምነው ባላየሁ ብሎ ተመኘ።

እሑድ ሰፈሩ ሁሉ ገዳዩን ለማውጣት ለአውጫጭ ተሰበሰበ። ወርቁ በሰንሰለት ቆሟል። ካፒቴኑም ከአስተርጓሚው ሹምባሽ ጋር መጣ።

«የገደለው አስተናግር ነው» አለ ጌጡ። «ወርቁ ግቢው አልገባም። ትርንጎ ከዚያው እንስራ ጠጥታ አልታመመችም፤ ስለዚህ መርዙ የነበረው በሟቹ ዋንጫ ነው። አስተናግሩ ደግሞ ከዚያው ጓሮ ተነቅሏል። ሌላ ሰው ቢነቅለው ጉድጓዱን ትቶ ይሮጥ ነበር። ይህ ሰው ግን መሬቱን ባዶ ማየት አልሆነለትም፤ ጽጌረዳ ተከለበት። ዝናብ ባለፈ በጥቅምት! በልቅሶው መካከል እየተነሣም ውሃ አጠጣት። በዚያ ቤት እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ስም መጥራት አቃተው። ወይዘሮ የሺ ራሳቸው ተነሡ።

«እኔ ነኝ። በማግስቱ ጣልያንን መርቶ ጉና ዋሻ የተሸሸጉትን ሴቶችና ሕፃናት ሊያስፈጅ ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። ወርቁን ፍቱት!»

ሹምባሹ ተረጎመ። ካፒቴኑ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እናት ልጇን አትገድልም ይላል» አለ ሹምባሹ። «ወርቁን ለማስፈታት መክራችሁ ያመጣችሁት ነው ይላል።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! እውነታቸውን ነው!» ብሎ ጌጡ ጮኸ፤ በሰደፍ መትተው ጣሉት።

ወርቁን ወደ ገበያው ነዱት። ወይዘሮ የሺ «እኔን! እኔን ስቀሉኝ!» እያሉ ተከተሉ። ወታደሮቹም ልጇ የሞተባት ናት ብለው አዘኑላቸውና ደግፈው ወደ ቤታቸው መለሷቸው።