ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ የጠፋው ሞተር

ጀልባዋ በቦታዋ ነበረች። ሞተሩ ግን የለም።

ኃይለ ሚካኤል ጠዋት ወደ ግድቡ ሐይቅ ሲወርድ መጀመሪያ ያየው ይህንን ነው። ትናንት ከሸሪኩ ጋር ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ በብሎን ያሰሩት የኤሌክትሪክ ሞተር ከነዘንጉ፣ ከነፔዳሉ ተወስዷል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሀል ሐይቁ ይዘውት ሊወጡ ነበር።

ኢንስፔክተር ሥራነሽ ከደብረ ኤልያስ መጣች። ምንም ሳትነካ ጎንበስ ብላ ጀልባዋን ተመለከተች።

"ባትሪው አለ" አለች።

"አዎ፣ እሱን አልነኩትም።"

"ይገርማል። ሌባ ቢሆን መጀመሪያ የሚያነሳው ባትሪውን ነበር። ለባትሪ ገዢ አይጠፋም። ይህን ሞተር ግን እዚህ አገር ማን ይገዛዋል?"

ሽቦዎቹን አየች። ሁለቱም ጫፎች እንዳይነካኩ ለየብቻ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። የወሰደው ሰው አልቸኮለም። ለጀልባዋም አስቦላታል።

"እርስዎ ማንን ይጠረጥራሉ?"

"ገዳሙ የሚባለውን ሰውዬ ነዋ! ማዶ ዓሣ የሚያጠምደውን። ሞተር ብታስገቡ ዓሣው ይሸሻል፣ አልለቃችሁም እያለ ሲዝት ነው የከረመው።"

"ሞተሩ የእርስዎ ብቻ ነው?"

"የእኔና የአብዱልቃኒ ነው። መረብ መጣል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ሸሪኬ ነው።"

አብዱልቃኒ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ለሰላምታ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ።

ሥራነሽ ዞራ ማዶ ተሻገረች። በአጥማጁ በገዳሙ ግቢ ውስጥ፣ ከሸራ ስር፣ የብረት አንገት ብቅ ብሏል።

"ይህ ምንድነው?"

"ይግለጡት" አለ ገዳሙ።

ገለጠችው። ሽንኩርት የሚያጠጣበት የውኃ ፓምፕ ነው።

"ስትዝት ነበር ይባላል።"

"ዝቻለሁ፤ አልክድም። ትናንት ዳር ላይ ሲሞክሩት ግን ድምፁን ልሰማ ሄድኩ። ድምፅ የሚባል የለውም! እኔም አማረኝና ከየት አመጣችሁት ብዬ ጠየቅኋቸው። ደብረ ማርቆስ፣ ከረውዳ ሱቅ አሉኝ። ልገዛው የጠየቅሁትን ነገር እሰርቃለሁ?"

በማግስቱ ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ገባች። ረውዳ ፓምፕና የፀሐይ መብራት የምትሸጥ፣ ሱቋ ውስጥ የሌለውን ከአዲስ አበባ የምታስመጣ ነጋዴ ናት።

"ሞተሩን የመረጡት አብረው ነው?" አለቻት ሥራነሽ።

"አብረው ነው እንጂ። ሁለት ዓይነት አሳየኋቸው። አንዱ ከኋላ ይታሰራል፤ ተቀምጠው በእጅ ነው የሚነዱት። ሌላው ከፊት፣ አፍንጫው ላይ ይታሰርና ቆመው በእግር ፔዳል ይመሩታል። ጋሽ ኃይለ ሚካኤል የፊቱን ወደዱ። ነፋስ ሲነሳ ጀልባዋን እንደ በቅሎ ከፊት ይስባታል፣ እጄም ለመረቡ ነፃ ይሆናል አሉ።"

"አብዱልቃኒስ?"

"ተስማማ። እንዲያውም የዘንጉን ርዝመት የለካው እሱ ነው። አጭር ከሆነ ማዕበል ሲመጣ ታች የሚሽከረከረው መዘውር ከውኃ ይወጣል ብሎ ረጅሙን አስመረጠ።"

"ከዚያ ወዲህ አላየሽውም?"



"አንድ ቀን ብቻውን መጣ። ከኋላ በሚታሰረው ቀይሪልኝ አለኝ። ከአዲስ አበባ ተጭኗል፣ አይቻልም አልኩት። በር ላይ ብዙ ቆሞ ነው የሄደው።"

"ምክንያቱን ነገረሽ?"

"ቆሞ ከመንዳት ተቀምጦ መንዳት ይሻላል፣ አለ። ሌላ አልጨመረም።"

ሥራነሽ በሚኒባስ ስትመለስ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ነበር። ዘንጉን በእጁ የለካ ሰው፣ በመሀል ምን አይቶ መቆሙን ፈራ? ቆሞ የሚነዳው ደግሞ ኃይለ ሚካኤል ነው።

አብዱልቃኒን ጣቢያ አስጠራችው።

"ሞተሩን የት አደረግኸው?"

አልደነገጠም።

"ቤቴ ነው። ጠቅልዬ ከመረብ ስር አስቀምጬዋለሁ። አልተጎዳም።"

"ልትሸጠው ነው?"

"አይደለም።"

"ጋሽ ኃይለ ሚካኤልን ተቀይመሃቸው?"

"እሳቸውን? አባቴ ማለት ናቸው!"

"ታዲያ አባትህ ከፊት መቆማቸውን ለምን ፈራህ?"

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

"ኢንስፔክተር፣ ሌባ ነው ብለው ይጻፉ። ይህን ግን አይጠይቁኝ። ምያለሁ።"

ሥራነሽ በሩን ከፍታ ውጭ የሚጠብቀውን ኃይለ ሚካኤልን አስገባች።

"ሞተሩ ተገኝቷል። የወሰደው አብዱልቃኒ ነው።"

ሰውየው መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ።

"አንተ? አንተ ነህ እኔን? ለምን?"

አብዱልቃኒ አንገቱን አላቀናም።

"ይታሰርልኝ! ፍርድ ቤት ይቅረብልኝ!"



"ጋሽ ኃይለ ሚካኤል፣" አለች ሥራነሽ በቀስታ፣ "ሞተሩን ከመረጣችሁ በኋላ ምን ሆኑ? ይህ ሰው ምን ቢያይ ነው እርስዎ ቆመው መንዳትዎን የፈራው?"

የኃይለ ሚካኤል ቁጣ ከፊቱ ላይ ወረደ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። 

"ወደቅሁ" አለ። "ከእሱ ጋር ዳር ላይ መረብ ስንጠግን። ስነቃ ራሴን ጭኑ ላይ ይዞ አፌን ይጠርግልኝ ነበር። የሚጥል በሽታ ነው። ከዚያ በፊትም ጥሎኝ ያውቃል። ለማንም እንዳትናገር ብዬ አስማልሁት። ልጄ ሂዊ ታጭታለች። በዘራቸው አለ ከተባለ ጋብቻው ይፈርሳል ብዬ ነው።"

"ዋና ይችላሉ?"

"ብችልስ? ያን ጊዜ ራሴን አላውቅም።"

ይህን ሲናገር ራሱ ሰማው። ወደ አብዱልቃኒ ዞረ።

"ሌባ ተብለህ ልትታሰርልኝ ነበር?"

"ምን ላድርግ ጋሼ? ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኩዎት፣ እንቢ አሉ። መሐላዬን አላፈርስ። መሀል ሐይቁ ላይ፣ አፍንጫው ላይ ቆመው ቢጥልዎትስ? በምን እጄ አወጣዎታለሁ?"

ኃይለ ሚካኤል ተነስቶ የሸሪኩን ትከሻ ያዘ። ያዘው እንጂ አላቀፈውም፤ ማቀፍ ያሳፍረው ነበር። ከዚያ ወደ ሥራነሽ ዞሮ ክሴን ትቻለሁ አለ።

"ይተዉ። ግን ይህ በሽታ መድኃኒት አለው" አለች ሥራነሽ። "ሳይታከሙ ጀልባ ላይ ቢወጡ ቀጥሎ የምፈልገው ሞተር አይሆንም።"

ሰኞ ዕለት ሁለቱ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐኪሟ ወጣት ናት።

"ሲጥልዎት ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉ?"

"አላውቅም፣ ልጄ። ስነቃ ብቻ ነው የማውቀው።"

"ሲጥልዎት ያየ ሰው አለ?"

አብዱልቃኒ ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ።

ኃይለ ሚካኤል በክርኑ ነካ አደረገው።

"ንገራት" አለው።