ከፊት የታሰሩት ሁለት ጎማዎች

ዳቦና ጎማ በአንድ ጣራ ስር ተስማምተው ኖረዋል ቢባል ማን ያምናል? በዚያ ቤት ግን ኖረዋል። መንገዱ ዳር ያለችው ክፍል ጎሚስታ ነበረች፤ ግድግዳዋ እስከ ጣራው አሮጌ ጎማ የተደረደረባት፣ ወለሏ በውሃና በዘይት የጠቆረ፣ የአየር መሙያው ጩኸት ቀኑን ሙሉ የማይለያት። ከኋላዋ ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ የሚሸተው ትኩስ ዳቦ ነው። የቤቱ እናት በአንዲት ባረጀች ነጭ መኪና ለየሱቁ ዳቦ የምታከፋፍል ሴት ነበረቻ! ባልየው ጎማ፣ ሚስትየው ዳቦ። “እኛ ቤት ያልከበበ ነገር የለም፤ እኔም ራሴ እየከበብኩ ነው” ትልና ወገቧን ይዛ ትስቃለች። አቤት ያ ሳቅ! መንገድ ተሻግሮ ልብስ ሰፊዋ እህቷ ቤት ድረስ ይሰማ የነበረው ያ ሳቅ…

ባልየውን ሰፈሩ “ጥፍሮ” ይለዋል። ጎማ የሚመርጠው በጥፍሩ ስለሆነ ነው። ሌላው ሰው የጎማውን ጥቁረትና የጥርሱን ቅርጽ ሲያደንቅ፣ እሱ የአውራ ጣቱን ጥፍር ላስቲኩ ላይ ይተክላል። ላስቲኩ ትንሽ ገባ ካለለት ለስላሳ ነው፣ እርጥብ አስፋልት ይይዛል። እንደ ድንጋይ ከገፋው ግን “ይሄ ዝናብ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም” ብሎ ወደ ጎን ያንከባልለዋል። ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያስመጣና ጥርሱ ላይ ቀስ አድርጎ ያፈሳል። ውሃው በጥርሶቹ መሃል ባሉት ቦዮች ሮጦ ከወጣ ፊቱ ይበራል። ተኝቶ ከቀረ ግን ራሱን ይነቀንቃል። “ውሃ መውጫ ሲያጣ ጎማውን ከመሬት አንስቶ ይሸከመዋል። ያኔ ፍሬኑም መሪውም ያንተ አይደለም” ይላል ለሹፌሩ። ብርጭቆዋን ይዛ የምትሮጠው አንዲት ልጁ ነበረች። ግማሹን መንገድ ላይ ታፈሰዋለች፣ አባትም “ጎማው ሳይጠጣ አንቺ አጠጣሽው መሬቱን!” ብሎ ጆሮዋን ይዞ ይስማታል።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሰሞን፣ አባት ለነጯ መኪና ሁለት አዲስ ጎማ አገኘ። አራት ቢሆን በወደደ፤ የተገኘው ሁለት ነበር። እሱ የሰለጠነበት ሽማግሌ ጎሚስታ አንድ ነገር አስተምሮት ነበር፦ አዲስ ጎማ ሁለት ብቻ ከሆነ ቦታው ከኋላ ነው። ክሪኩን ይዞ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ልጅቷ እጁ ላይ ተንጠለጠለች።

“ከፊት አድርጋቸው አባዬ! እማዬ ስትመጣ ከሩቅ እንዳያቸው!”

“የአዲስ ጎማ ቦታው ከኋላ ነው የኔ እመቤት።”

“ከኋላ ማን ያያቸዋል? በሞቴ አባዬ!”

እናት በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። “አዲስ ጫማ ገዝቶ ደብቆ የሚሄድ አለ እንዴ? ልጄ እውነቷን ነው!”

ሁለት ሴት ለአንድ ወንድ! ምን ያድርግ? ሳቀና ተሸነፈ። “እሺ፣ እስከ እሁድ ብቻ። እሁድ አዘዋውራቸዋለሁ” አለ። ልጅቷ በደስታ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ሳመቻቸው፤ አፍንጫዋ ጠቆረ፤ ሦስቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። አወይ ያቺ ቀን! ሰው ደስታው ሊያልቅ ሲል ለምን አይነገረውም?

ዝናቡ እሁድን አልጠበቀም። ሐሙስ ጠዋት ወረደ። ወደ ድልድዩ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ኩርባው ላይ፣ የነጯ መኪና የፊት ጎማዎች መንገዱን አጥብቀው ያዙ፤ ያረጁት የኋላዎቹ ግን ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። መኪናዋ ባለችበት ዞረች… የኩርባውን የድንጋይ ግንብ መትታ ቆመች። አስፋልቱ ላይ ዳቦ ተበተነ። ሁለት መቶ ዳቦ ዝናብ እየመታው፣ አንድም ሰው ሳያነሳው… እናትየዋ ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች።

ጥፍሮ ከዚያ በኋላም ጎማ መምረጡን አልተወም፤ ለባዳ ብቻ ሆነ እንጂ። ለዘመድ መኪና እጁን አይዘረጋም። የወንድሙ መኪና ሲመጣ እንኳ “ሌላ ጎሚስታ ሂድ” ይለዋል። ስለዚያ ሐሙስ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ልጅቷም ብርጭቆ ይዛ እንድትሮጥ አልጠየቃትም፤ ወደ ጎሚስታው ስትገባ “ሂጂ አጥኚ” ብሎ ይመልሳታል።

ያ ቤት በሐዘን ተዘግቶ ያልቀረው በአክስቷ ነው። ልብስ ሰፊዋ አክስት የስፌት መኪናዋን ተሸክማ፣ የሜትሯን ክር አንገቷ ላይ እንደ ሐብል ጥላ፣ መንገዱን ተሻግራ እነሱ ጋ ገባች። “እህቴ የሳቀችበት ቤት እኔ እያለሁ ዝም አይልም!” አለች። የማትለካው ነገር አልነበረም፤ የልጅቷን ቁመት በየወሩ፣ የዳቦውን ውፍረት፣ የጥፍሮን ጢም። “አንተ ሰውዬ፣ ጢምህ በአንድ ጣት ጨምሯል፣ ወይ ተላጭ ወይ ልስፋው” ትለዋለች። ሳይወድ በግድ ይስቃል። ልጅቷም በዚያ ሳቅ መሃል አደገች፤ አድጋም፣ ሰው ሁሉ “እንዴት ደፈረች?” እስኪል፣ ሹፌር ልሁን አለች። እናቷ የጨበጠችውን መሪ መጨበጥ አማራት እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አላት?

በመንጃ ፈቃዱ ስልጠና አንድ ቀን አስተማሪው “ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ካላችሁ የት ታስራላችሁ?” ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሙሉ “ከፊት!” አለ። “ከኋላ!” አለ አስተማሪው። “የፊቱ ሲንሸራተት መሪው እጅህ ላይ ይነግርሃል። የኋላው ሲንሸራተት ግን ማንም አይነግርህም፤ መኪናው ዞሮ ታገኘዋለህ።” እሷ ደብተሯ ላይ “ከኋላ” ብላ ጻፈች… እስክሪብቶዋም እዚያው ቆመ። “ከፊት አድርጋቸው አባዬ” ያለችው የገዛ ድምጿ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር የተፈታላት መሰላት። ለካ አባቷ እጁን የነፈጋት፣ ከጎሚስታው የሚመልሳት፣ ለዚህ ነው! ለካ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ! ለማን ትንገረው? ለአክስቷ? ይህን ቁስል ይዛ ሦስት ዓመት እየሳቀች ኖረች፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ እንዴት እንደሚያቃጥል የቀመሰው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ትምህርት ቤት ሚኒባሱን ሰጥቶ ተማሪ እንድታመላልስ የቀጠራት። አሥራ አራት ሕፃናት! የመኪናው ጎማዎች መላጣ ስለነበሩ “ክረምቱ ሳይገባ አንቺው መርጠሽ አሳስሪ” አሏት። ጎማ ሻጩ የጥፍሮ የድሮ ወዳጅ ነበርና፣ ሁለት ዓይነት ጎማ አራት አራት አድርጎ የጎሚስታው በር ላይ አራገፈላት። “አባትሽ የወደደውን ያስቀር፣ የቀረውን እመልሳለሁ” አለ። ጥፍሮ ግን ያኔ በስኳር በሽታ ምክንያት ዓይኖቹ ደክመው፣ ከሰው ጥላውን ብቻ ነበር የሚያየው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የጎማውን ሽታ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ሌላ ጎሚስታ ውሰጂው።”

“አንተ ሰውዬ፣ አፈር ስሆንልህ!” አለች አክስት፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ አንዱ ጎማ ላይ እየጠመጠመች። “እምቢ ካልክ እኔ እመርጣለሁ። ይኸው፣ የዚህኛው ወገብ ሰፋ ይላል፣ ጥርሱም እንደ ዳንቴል ነው። ይሄ ይሁን!”

“እሱ ሰርግ ይሂድ እንጂ መንገድ አይወጣም” አለ ጥፍሮ ሳያስበው። ከዚያ ፊቱን እንደገና ወደ ግድግዳው መለሰ።

ልጅቷ ፊቱ ተንበረከከች። ለሦስት ዓመት ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ነገር ገነፈለ።

“በኔ ምክንያት ነው አይደል አባዬ? ከፊት አድርጋቸው ያልኩህ እኔ ነኝ! ያኔ ባላስቸግርህ ኖሮ… እማዬ…”

የአክስት ሜትር ከእጇ ወደቀ። ጥፍሮ የደከሙ ዓይኖቹን ወደ ድምጿ አዞረ።

“ማን ነገረሽ?”

“ማንም። አስታወስኩት።”

“አይ ልጄ… እኔ እኮ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፤ ይቺ ልጅ ያንን ቀን እንዳታስታውስ! ከጎማ ያራቅሁሽ ለምን መሰለሽ? ክሪክ ይዤ፣ አዲስ ጎማ ፊቴ አቁሜ ካየሽኝ ያ ቀን ይመጣብሻል ብዬ ፈርቼ ነው። ለወንድሜ እምቢ ያልኩት የዘመድ መኪና ሲመጣ አንቺ አጠገቡ ቆመሽ እንዳታይ ነው። ልደብቅልሽ ብዬ ነው የኔ ዓለም!”

“እኔ ደግሞ ጠልተኸኝ መስሎኝ…”

“ስሚኝ!” አለ፣ ፊቷን በሁለት ዘይታም እጁ ይዞ። “የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጎማ አታስርም። ቦታውን የማውቀው እኔ፣ ብሎኑን ያጠበቀው የኔ እጅ፣ እስከ እሁድ ያልኩት እኔ። የኔን ሸክም ከየት አንስተሽ ነው የተሸከምሽው? አምጪ፣ መልሺልኝ!”

ተቃቅፈው አለቀሱ። እንዴት ያለ ልቅሶ! አንዱ ሌላውን ላለማቁሰል ብሎ ብቻውን የደማበት ዓመት ሁሉ በዚያ እንባ ታጠበ። አክስትም በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች “እኔ ሞኟ ደግሞ! ይሄን ሁሉ ዓመት መሃላችሁ ተቀምጬ ዝምታችሁን ጨዋነት ነው ስል! አሁን በሉ፣ ልጆቹን በምን ልታሳፍሪያቸው ነው፣ በእንባ?” አለች። ሦስቱም ሳቁ። ያ ሳቅ መንገድ ተሻግሮ ተሰማ… አዎ፣ እንደ ድሮው!

“ብርጭቆ ውሃ አምጪ” አለ ጥፍሮ።

ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት እንደ ሕፃን ሮጠች። ግማሹን አፈሰሰችው። አባት ባለ ዳንቴሉን ጎማ በጥፍሩ ወግቶ “ድንጋይ ነው” አለና ገፋው። ሁለተኛውን ዳሰሰ፤ መልከ ጥፉ፣ ጥርሱ ሰፋፊ፣ ግን ላስቲኩ ለጥፍሩ እሺ አለው። ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች እንድታነብለት አደረገ፤ በየትኛው ሳምንትና ዓመት እንደተሠራ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። “መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ ላዩ አዲስ ነው፣ ልቡ ግን ደርቋል” አላት። ውሃውን አፈሰሰና፣ ማየት ስለማይችል ጆሮውን አስጠጋ። “ሄደ? ወደ ጎን ሮጦ ወጣ?”

“ወጣ አባዬ! ጫማህ ላይ ነው የወጣው!”

“ጎሽ! አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለት ብቻ አዲስ የለም ከእንግዲህ!” ብሎ እጇን እጁ ላይ አድርጎ ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያፈራረቁ አጠበቁ።

የመጀመሪያው ዝናብ የወረደው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ልጅቷ ሚኒባሱን አስነሳች፤ አባት ከጎኗ፣ አክስት ከኋላ ጃንጥላ ዘርግታ ተቀመጠች። “መኪና ውስጥ ጃንጥላ ምን ይሠራል?” ሲሏት “ከሞትኩ ደርቄ ልሙት!” አለች። ለአሥራ ስምንት ዓመት ሲዞሩት የኖሩትን የድልድዩን ቁልቁለት ያዙ። ኩርባው ሲቃረብ ልጅቷ መሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ ጨበጠች። “ቀስ በይ… አሁን ፍሬን ያዢ” አለ አባት። ያዘች። ሚኒባሱ ቀጥ ብሎ፣ ሳይወላገድ፣ እንደ ታዛዥ ልጅ ቆመ። ውሃው በጎማዎቹ ቦዮች ፉጨት እያሰማ ወደ ጎን ተረጨ።

“ያዘ!” አለች ልጅቷ። “አባዬ፣ ያዘ!”

ጥፍሮ መስኮቱን አወረደና እጁን ወደ ዝናቡ ዘረጋ። “ሰማሽ?” አለ፣ ለልጁ ሳይሆን ግንቡ አጠገብ ላጣት ሚስቱ። “የዛሬዎቹ ጎማዎች እሁድን አልጠበቁም፤ ከዝናቡ በፊት ታሰሩ።” አክስት ከጃንጥላዋ ስር አንድ ትልቅ ትኩስ ዳቦ አወጣች። እያለቀሱና እየሳቁ፣ እየተሻሙ፣ እዚያው ኩርባው ዳር ጨረሱት። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር “ሰርግ ነው ወይስ ልቅሶ?” ብሎ ቢጮህባቸው፣ አክስት “ሁለቱም ነው፣ እለፍ!” አለችው።

ጥፍሮ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። በሦስተኛው፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ፣ ጥፍሩን አንድ ጎማ ላይ እንደተከለ አረፈ። ፊቱ ላይ ሐዘን አልነበረም። ለቀብሩ የመጣው ሹፌር ብዛት መንገዱን ዘጋው፤ ልጁም አባቷን የሸኘችው በዚያው ሚኒባስ ነው።

እንግዲህ ዕጣ ማለት ምንድን ነው? ሁለት ጎማ ከፊት ወይም ከኋላ መሆናቸው ነው? ሐሙስ ከእሁድ መቅደሙ ነው? ይህን የሚመልስልን የለም። ግን ሰዎች ያልተናገሩት ፍቅር ስንት ዓመት ሊያስለቅስ እንደሚችል፣ የተናገሩት ዕለት ደግሞ እንዴት እንደሚያሳርፍ ያ ቤት አይቶታል። ዛሬም ክረምት ሊገባ ሲል ሹፌሯ ሚኒባሱ አጠገብ ተንበርክካ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ታጠጣለች። ሕፃናቱ ከበዋት ይስቃሉ።

“ለምንድን ነው ውሃ የምታጠጪው? ይጠማዋል እንዴ?”

“አይጠማውም” ትላለች፣ ጥፍሯን ላስቲኩ ላይ ተክላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እንደ እናቷ ጮክ ብላ እየሳቀች። “አባቴን እያስፈቀድኩት ነው። እሺ ብሏል፣ ግቡ!”