የዘጠነኛው ዘፈን ጉምጉምታ

«ስለ ተኽለ አልበም ቴሌግራም ላይ የጻፍከው አንተ ነህ?» አለች ሴትዮዋ በስልክ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

አስማማው እሱ መሆኑን ተናገረ። እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ገና ፊቱን አልታጠበም። ሴትዮዋ ኢንስፔክተር ለተመድህን እንደምትባልና የተኽለን ሞት የምትመረምረው እሷ እንደሆነች ገልጻ፣ ጽሑፉን በወረቀት አትሞ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወዳለው የተኽለ ባንድ መለማመጃ ቤት እንዲያመጣላት ጠየቀችው።

ተኽለ ከሞተ ስምንተኛ ቀኑ ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር፤ ጊታር ተጫዋች፣ ድምፃዊ፣ የባንዱ ዘፈኖች ሁሉ ደራሲ። ባለፈው እሑድ፣ መብራት ጠፍቶ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ፣ ብቻውን ሲቀርጽ ባረፈደበት ክፍል ውስጥ ጊታሩን እንዳቀፈ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ የጄኔሬተር ጭስ እንደገደለው አረጋገጡ። ጄኔሬተሩ ግን የተገኘው ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ፣ ከመለማመጃው ራቅ ብሎ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ወደ ውስጥ አስገብቶ መልሶ አውጥቶታል ማለት ነው። ጄኔሬተሩን የሚያስነሡት የግቢው ዘበኛ ኣቦይ ኣለምሰገድ ስለነበሩ፣ በዚያው ቀን ታሰሩ።

አስማማው ከደብረ ታቦር መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ጂኦሎጂ ያስተምራል። በከተማው ፕሮግረሲቭ ሜታል የተባለውን ከባድ የሮክ ሙዚቃ የሚያዳምጡት ሰዎች በአንድ ሚኒባስ ቢጫኑ ወንበር ይተርፋል፤ እሱ ከነዚያ አንዱ ነው። ተኽለ አዲስ ሥራ በጨረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሰማው ለእሱ ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ታዲያ ለማንም ያልነገረው ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጧል። ተኽለ ከመሞቱ ከሁለት ቀን በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ዘጠኙን ዘፈኖች አሰምቶት ነበር። «ስምንቱ እርስ በርስ ተሰፍተዋል» አለው አስማማው፣ ሊቅነት እየተሰማው። «ዘጠነኛው ግን ከታች ይጎድለዋል።» ተኽለ እሑድ ጠዋት ወደዚያ ክፍል የገባው የጎደለውን ሊሞላ ነው።

ለተመድህን ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ቀጭን ናት፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታዳምጣለች። ወረቀቱን ተቀብላ ሳትቸኩል አነበበች። አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷን አሳርፋ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«"ዓይኒ ማይ፣ የውኃ ምንጭ የተባለው ይህ አልበም ጉድጓድ ነው። ዘጠኙ ዘፈኖች ዘጠኝ ንጣፍ ናቸው። የመጀመሪያው አቧራ ነው፤ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ የሚዞር ሰው እርምጃ ይሰማበታል። ሦስተኛው ሸክላ ነው፤ ጊታሩ ይጣበቃል፣ ከበሮው ለመላቀቅ ይታገላል። ከአምስተኛው ጀምሮ የከተማችን ውኃ የሚቀዳበትን የዓይናለምን ኖራ ድንጋይ እንሰረስራለን። ሁሉንም የሚሰፋቸው አንድ ምት ነው፤ አራት ተመትቶ ሦስት፣ አራት ተመትቶ ሦስት። ዘጠነኛው ላይ ግን ከበሮ የለም። አንድ ሰው ያንኑ ምት ብረት ላይ በጣቱ ይመታዋል፣ የጉድጓዱን ክዳን እንደሚያንኳኳ። ከኳኳታው ቀድሞ የተነሣው ጉምጉምታም ከሥር እየበረታ እስከ መጨረሻው አይለቅም። ውኃው መጣ ብዬ አለቀስሁ።"»

ወረቀቱን አጠፈችው። «እንግዲህ ያለቀስክበትን ቦታ አሰማኝ።»

ስልኩን አውጥቶ አሰማት። ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ዓርብ ዕለት በሰማው ቅጂ ላይ ጉምጉምታው ነበረ ወይ ብላ ጠየቀች። አልነበረም። የብረቱ ኳኳታስ? እሱም አልነበረም። ሁለቱም የገቡት እሑድ በተቀረጸው ላይ ነው። አዲሱን ቅጂ ማን እንደላከለት ጠየቀች፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋችና ድምፅ ቀራጭ ዘቢብ ከቀብሩ በኋላ አስተካክላ እንደላከችለት ነገራት።

«ጽቡቕ፣ ጥሩ» አለች ለተመድህን። «አንተ ውኃ ነው የሰማኸው። እኔ ግን ሞተር ነው የሰማሁት።»

አስማማው እጁ ውስጥ ያለው ስልክ ከበደው።

ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ከግቢው የሚያስገባው የብረት በር ወደ ጠባብ ኮሪደር ይከፈታል፤ በኮሪደሩ ጫፍ መለማመጃው ክፍል አለ፤ የእሱም በር ብረት ነው። ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽና በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተሸፍኗል። መስኮት የለውም። አየር የሚያገኘው ከበሩ በላይ ባለች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቀዳዳዋም ወደ ኮሪደሩ ነው የምትከፈተው። ለተመድህን ጎንበስ ብላ ኮሪደሩ ወለል ላይ ሁለት ትይዩ ጭረቶች አሳየችው። ከጭረቶቹ መጨረሻ ላይ ግድግዳው በጉልበት ከፍታ ጥላሸት ለብሷል።

የቤቱ ባለቤት ኣደይ ኣኽበረት በጓሮ በኩል ይኖራሉ። በጄኔሬተሩ ጩኸት ምክንያት ከተኽለ ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል፤ ይህንንም አልደበቁም። ሟችን መራገማቸው እንቅልፍ እንደነሣቸው ተናገሩ።

«ያን ቀን ሲጮህ ሰምተውታል?» አለቻቸው ለተመድህን።

«ጠዋት መስኮቴ ሥር ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጠፋ። ዝናቡ ዋጠው ብዬ ተመስገን አልሁ።»

«ዝናቡ ካባራ በኋላስ?»

«ካባራም በኋላ አልሰማሁትም፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ቀጥሎ የመጣው ፍሰሃጽዮን ነበር፤ የባንዱ ከበሮ መቺና የዘቢብ ታላቅ ወንድም። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጢሙን ለሐዘን ያሳደገ ሰው ነው። ተኽለን ሞቶ ያገኘው እሱ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ በሩን እንደከፈተ፣ ጄኔሬተሩ ያን ጊዜ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጸጥ ብሎ እንደነበር፣ ነዳጁ አልቆ ይሆናል ብሎ እንዳሰበ፣ በእጁም እንዳልነካው ተናገረ። እያወራ ሳለ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር። አስማማው ሳያስበው ቆጠራቸው፤ አራት፣ ከዚያ ሦስት። ቀና ሲል ለተመድህንም ጣቶቹን እያየች ነው። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አንገቱን ደፋ። ጓደኛውን የጠቆመ መስሎ ተሰማው።

ዘቢብ በአጭሩ መለሰች። እሑድ ጠዋት አክስቷን ለመቀበል ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረች፤ አውሮፕላኑ በዝናብ ዘግይቶ እስከ ሰባት ሰዓት እዚያው ዋለች፤ ለተመድህንም ይህን አስቀድማ አረጋግጣለች። ኢንስፔክተሯ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘጠነኛው ዘፈን ሳይቆረጥ፣ ተኽለ እንደቀረጸው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድታመጣው። ዘቢብ ፊቷ ጠቆረ፤ ቢሆንም እንደምታመጣ ቃል ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም መለማመጃው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ኣቦይ ኣለምሰገድን አንድ ፖሊስ ደግፎ አመጣቸው። በስምንት ቀን ውስጥ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ፍሰሃጽዮን ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላያቸውም።

ለተመድህን ላፕቶፑን ከፊቷ አድርጋ ቆመች።

«ከኣቦይ ልጀምር። ጄኔሬተሩን ሦስት ሰዓት ላይ አስነሥተው ወደ ዕድር ስብሰባ እንደሄዱ ተናግረዋል፤ እስከ ሰባት ሰዓት እዚያ እንደነበሩ ዐሥራ አንድ ሰዎች መስክረዋል። ያ ሁሉ ሰው ተሳስቷል ብንል እንኳ ቀኝ ትከሻቸው አይነሣም። ይህ ማሽን በሁለት ጤነኛ እጅ ካልሆነ አይጎተትም። ኣደይ ኣኽበረትም በሰባ ዓመታቸው አይጎትቱትም። እነዚህን ሁለት ሰዎች እናውጣ።»

«ኣደይ ኣኽበረት ዝናቡ ካባራም በኋላ ሞተሩን አልሰሙም። ጠፍቶ ነበር እንዳንል ተኽለ በዚያ ሰዓት እየቀረጸ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከዚያው ጄኔሬተር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይሠራ ነበር፣ ግን ኮሪደሩ ውስጥ ተዘግቶበት። አሁን አዳምጡ።»

ቀረጻውን ከፈተችው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የተኽለ ጊታር፣ ከሩቅ የሞተር ድምፅ። ከዚያ ብረት ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ ሞተሩ ቀረበ፤ በር ተዘጋ፤ ዝናቡ ደበዘዘ። ጉምጉምታው ብቻ ቀረ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ በጣት ጫፍ ብረት ተመታ። አራት፣ ሦስት። አራት፣ ሦስት። ጊታሩም መለሰለት፣ በዚያው ምት።

ለተመድህን አቆመችው። «ሰዓቱ አራት ከሃያ ነው። የሚያንኳኳው ተኽለ አይደለም፤ ሁለት እጆቹ ጊታሩ ላይ ናቸው፣ ትሰማላችሁ። ምቱ፣ መምህር አስማማው እንደጻፈው፣ አልበሙን ሁሉ የሚሰፋው ነው፤ በጣታቸው የለመዱት የሠሩት ሦስቱ የባንዱ አባላት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። አንዷ ቁሓ ነበረች።» ወደ ፍሰሃጽዮን ዞረች። «አንተ ስትደርስ ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ የጠፋ መስሎህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የመጣው ፖሊስ ግን ከግማሽ በላይ ነዳጅ እንደነበረው መዝግቧል። ሞተሩን ሰው ነው ያጠፋው፤ አጥፍቶም አወጣው።»

ፍሰሃጽዮን ጣቶቹን ጨበጠ።

«የጄኔሬተሩ መጠለያ ጣራ ያፈስ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ውኃው ሞተሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ይቃጠላል ብዬ አስገባሁት። ጎርፉ እንዳይገባ የውጭውን በር ዘጋሁት። ሸራ ገዝቼ ልመለስና ላወጣው ነበር።»

«ለምን ገብተህ አልነገርከውም?»

«ቅዳሜ ተጣልተን ነበር። ዘጠነኛው ላይ ከበሮ አልፈልግም አለኝ። እንዳልተቀየምሁ እንዲያውቅ የክፍሉን በር አንኳኳሁለት። ሲመልስልኝ ሰማሁ። ሱቁ ጋ ዝናቡ ያዘኝ። ሰው አገኘሁ፣ ሻይ ጠጣን። ረሳሁት። ስመለስ...» አልጨረሰውም። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞሮ ተንበረከከ። «ኣቦይ፣ በየቀኑ ልመጣ ነበር። በየቀኑ እስከ ጣቢያው በር ድረስ መጥቻለሁ።»

«እኔም በየቀኑ ሰው ይመጣል እያልሁ በሩን እመለከት ነበር» አሉ ኣቦይ ኣለምሰገድ።

ለተመድህን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዘቢብ፣ አንቺ ኳኳታውን ቆርጠሽ ማውጣት ትችዪ ነበር።»

ዘቢብ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች። ቀረጻውን የከፈተችው ከቀብሩ ማግሥት ነበር፤ የወንድሟን ጣት ወዲያው አወቀች። ሄዳ መናገር አልሆነላትም፤ ማጥፋቱም አልሆነላትም። ስለዚህ ዘፈኑ ውስጥ ተወችውና ጆሮውን ለምታምነው ሰው ላከችለት። አስማማው ይህን ሲሰማ አፈረ። የተላከለትን ጩኸት ተቀብሎ አድናቆት ጽፎበታል።

ፍሰሃጽዮን ከፖሊሱ ጋር ወጣ፤ እህቱም ተከተለችው። ኣደይ ኣኽበረት ዘበኛውን ምሳ ላብላ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። ክፍሉ ውስጥ ለተመድህንና አስማማው ብቻ ቀሩ።

«ቀሪውን ላሰማቸው አልፈለግሁም» አለችው። «የሚመለከተው አንተን ነው። ከፈለግህ ስማ፤ ካልፈለግህ እዘጋዋለሁ።»

እንድትከፍተው ለመናት። ጊታሩ ሲያርፍ ተኽለ በትግርኛ ለራሱ ሲያወራ ተሰማ፤ ድምፁ ደስታ አለው። ፍሰሃ ሞተሩን አስገባው፣ ይህቺ ጉምጉምታ ግን ትኑር፣ አስማማው ከታች ጎደለ ያለው ይህችን ነው አለ። ከዚያ እንደገና መጫወት ጀመረ።

አስማማው ፍራሹ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። «ባልናገረው ኖሮ ሞተሩን አውጡልኝ ይል ነበር።»

«ይል ይሆናል፤ ላይልም ይችላል» አለች ለተመድህን። «በዝናብ ቀን ከተማው ሁሉ ጄኔሬተር ጄኔሬተር ይሸታል፤ ማንም ልብ አይልም። የሚገድለው ጋዝ ደግሞ የማይሸተው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሕግ የለም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። በመዝገቤም አልጽፈውም።»

ላፕቶፑን ዘግታ ወጣች። አስማማው ግን ከሕግ ነጻ መውጣቱ ሸክሙን አላቀለለለትም፤ እንዲያውም የሚሸከምለት ሰው አጣ።

በማግሥቱ ወደ ተኽለ እናት ወደ ኣደይ ዛፉ ቤት ሄደ። ለቅሶ ደራሾች ተመናምነዋል፤ ድንኳኑ ፈርሷል። አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዓርብ የተናገረውን፣ እሑድ የሆነውን፣ ተኽለ ስሙን ጠርቶ ያለውን ጭምር። ምሕረት አልጠየቀም፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አላወቀም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሊረግሙኝ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ቢረግሙት ሳይሻለው አይቀርም ነበር።

«እኔ ያንን ጩኸት ዘፈን ነው ብዬ አላውቅም» አሉት በመጨረሻ። «አንተ ታውቃለህ፣ ወደይ፣ ልጄ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ጎደለ ያልከው ሞላ?»

አስማማው መዋሸት ፈለገ። የትኛው መልስ እንደሚያጽናናቸው፣ የትኛው እንደሚያቆስላቸው መለየት አቃተው። በልጃቸው ሥራ ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

«ሞላ፣ እናቴ» አለ። «ከዘጠኙ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው።»

ኣደይ ዛፉ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አስማማው እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉለትም፣ ሂድም አላሉትም።