ባጁ ውስጥ የቀረው ብርሃን

ማክሰኞ ጠዋት ኡሙሰልማ ከወንድሟ ከሂሻም ቀድማ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ የትናንቱን ዳቦ ቆረጠች፣ ሻይ ቀዳች። እናቷ ዘሀራ የሂሻምን ሸሚዝ ተኮሰች። ደሴ ላይ ጉም ወርዶ ከጎረቤት ቆርቆሮ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ኡሙ፣ የኮምፓስ ሳጥንሽን አውሺኝ። ዛሬ ጂኦሜትሪ አለን» አለ ሂሻም አፉን እንደሞላ።

«አይሆንም።»

«ወርቅ ደብቀሽበታል እንዴ? ወላሂ፣ ቋጣሪ ሆነሻል!»

«ፋራ! የራስህን ማን ጣለው?»

ሳጥኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከማስመሪያው ሥር የአባቷ ባጅ ነበር።

አባቷ ሚስባህ ኮምቦልቻ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ባለሙያ ነበር። ያገኘውን የጨረር መጠን የሚመዘግበው ባጁ ሥራ ቦታ ማደር ነበረበት፤ እሱ ግን እየረሳው ደረቱ ላይ እንደሰካው ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ቤቱ ይገባ ነበር። ከአራት ወር በፊት እዚያው መንገድ ላይ ሚኒባሱ ተገልብጦ ሞተ። ልብሱ በፌስታል ሲመጣ ኡሙ ማንም ሳያያት ባጁን ነቅላ ወሰደች። ሆስፒታሉ ሲጠይቅ «አላየሁም» አለች።

ባጁ ውስጥ ከጥፍር የምታንስ ነጭ ክሪስታል አለች። አባቷ አንድ ቀን አሳይቷታል።

«የጨው ዘመድ ናት፤ ሊቲየም ፍሎራይድ። ፍጹም ንጹህ ብትሆን አትረባኝም ነበር። እያወቁ ትንሽ ማግኒዚየምና ታይታኒየም ይጨምሩባታል። ራጁ ሲያገኛት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይፈናቀሉና ማግኒዚየሙ አጠገብ ይያዛሉ። ወራት ያልፋል፣ አይንቀሳቀሱም። ስትሞቅ ይለቀቃሉ፤ ታይታኒየሙ ጋ ሲደርሱ ብርሃን ይሆናሉ። የብርሃኑ መጠን ስንት ጨረር እንዳገኘኝ ይናገራል።»

«አሙቃትና እንያት!»

«ኧረ ተይ! የምታበራው አንዴ ነው። ከዚያ ሁሉን ትረሳለች።»

ስለዚህ ኡሙ ባጁን ፀሐይ አላስነካችውም፤ ምድጃ አጠገብም አላሳለፈችውም። እጇ ላይ ማቆየት እንኳ ትፈራለች። የአባቷ የመጨረሻ የሥራ ቀናት እዚያ ውስጥ ናቸው። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ሳጥኑን ስትከፍት፣ አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላታል።

ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአባቷ የሥራ ባልደረባ ፈትሂያ ሳሎን ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የሚስባህ ልጅ። ቁመቱን ልትደርሺበት ነው እኮ!»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ እትዬ ፈትሂያ።»

ፈትሂያ ወደ ዘሀራ ዞረች። «የኔ ባጅ ንባብ ከፍ ብሎ መጣ። አለቆቼ ‹ራጅ ክፍል ውስጥ ጥለሽው ነው› አሉኝ። እኔ የጠረጠርኩት የክፍሉን በር ነው፤ ጨረር ሳያሾልክ አልቀረም። የሚስባህም ተነቦ ከፍ ካለ ይሰሙኛል። እስከዚያ ግን የሚተካኝ ሰው የለም፤ በዚህ ሆዴ እዚያው ነው የምሠራው።»

«አልተገኘም፣ እህቴ» አለች ዘሀራ። «ፌስታሉን ሁለቴ ፈትሼዋለሁ።»

እናቷ ፌስታሉን መክፈቷን ኡሙ አታውቅም ነበር።

«ካነበቡት በኋላስ?» አለች ኡሙ።

«ባዶ ይሆናል። ለሌላ ሠራተኛ ይሰጡታል።»

«አራት ወር... ሰው ቤት ቢቆይስ? ይበላሻል?»

ፈትሂያ ትክ ብላ አየቻት። «አይበላሽም። መሬቱም ግድግዳውም ትንሽ ትንሽ ጨረር አለው፤ የቤቱም ይጨመርበታል። ሲያሰሉ ይቀንሱታል።»

የአባቷ ቀናት ላይ የእሷም ተደርበዋል ማለት ነው። ኡሙ የፈትሂያን ሆድ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ባጁን ከሳጥኑ አወጣች።

ማንም አልተቆጣትም። ዘሀራ ባጁን ተቀበለች። በባሏ እጅ የተጻፈውን ስም በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ለፈትሂያ ሰጠቻት።

«ፀሐይ እንዳይነካው» አለች ኡሙ።

«አብሽሩ» አለች ፈትሂያ፤ በመሐረብ ጠቅልላ ያዘችው።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ሲጠጡ ኡሙ ሳጥኑን ሂሻም ፊት አስቀመጠችለት። ልጁ ተገርሞ ከፈተው።

«ወርቁስ?»

ውስጡ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ሁለት እርሳስና ላጲስ አለ። የአባባ ባጅ የለም።